ለወፍ ቀን የታረዱ ዶሮዎች

ባሮ በጥር ሲጎድል ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ መሃል ላይ የአሸዋ ደሴት ብቅ ይላል። በየዓመቱ ቅርጹን ይለዋውጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መልሶ ይሰጥማል። ስለዚህ ስም ያወጣለት ሰው የለም። የጋምቤላ ሰው ስም የሚያወጣው ለሚቆይ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ተጀምረው ለቀሩ ሕንፃዎች።

ኛቦል ግን ደሴቱ ብቅ ባለ በሳምንቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ዳር ዳሩን ካልዞረችው ዓመቱ የተጀመረ አይመስላትም። ኛቦል ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ናት። ከከተማው መዘምራን ግማሹ ሃሌሉያ የሚለው እሷ የሰፋችውን ጋውን ለብሶ ነው። ደንበኛ ስትለካ ሜትሩን ብቻ አትዘረጋም፣ ምላሷንም አብራ ትዘረጋለች። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚቆም ባለሥልጣን ከመጣ፣ ቀስ ብላ ይልቀቁት ትለዋለች፤ ልብሱን የሚለብሰው ሆዱ ነውና። እንዲህም ሆኖ ደንበኛ አጥታ አታውቅም፤ ሰው ስድብ የሚጠላው ስፌቱ ሲጣመም ብቻ ነው።

ወደ ደሴቱ የምትሄደው ከመንትያ ወንድሟ ከዊሊያም ጋር ነው። ዊሊያም ቀድሜ የተወለድኩት እኔ ነኝ ይላል፤ እሷ ደግሞ ገፍቼ ያስወጣሁት እኔ ነኝ ትላለች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻቸው ኢታንግ የምትኖረው አክስታቸው ኛፑዎክ ናት። ስለ መንትያነታቸው የሚያውቁትን ሁሉ ያወቁት ከእሷ ነው። በኑዌር ዘንድ መንትያ ሁለት ሰው አይደለም፣ አንድ ነው። ደግሞም የወፍ ዘመድ ነው። ዘመድ ስለሆነም የወፍ ሥጋ አይበላም፤ እንቁላልም ቢሆን ያልተወለደ ዘመድ ነውና አፉ አይገባም። ዶሮ መብረር ባትችልም ከዚህ አታመልጥም። ኛፑዎክ ዶሮ የቀመሰ መንትያ ወንድሙን እንደበላ ነው ስትል ፊቷ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አይታይም።

ሁሉም ጴንጤዎች ናቸው። ኛቦል የመዘምራን መሪ ነበረች፣ ዊሊያም ይጸልያል፣ ኛፑዎክም የቤተ ክርስቲያኗ አንጋፋ ምዕመን ናት። የወፍ ዝምድናውን ነገር ፓስተሩ ባነሳባቸው ቁጥር ያማ የድሮ ነው ብለው በአንድ ቃል ይመልሳሉ። ታዲያ ዶሮ ለምን አትበሉም ሲባሉ ኛቦል ጣዕሙን አልወደውም ትላለች፤ በዕድሜዋ ቀምሳው አታውቅም። ዊሊያም ደግሞ ጨጓራዬን ያመኛል ይላል።

በዓመት አንዴ ግን ኪየር የሚባለው ታንኳ ቀዛፊ ያሻግራቸዋል፤ እነሱም ጫማቸውን አውልቀው በውሃውና በአሸዋው መገናኛ ላይ ይራመዳሉ። ከባሕር ማዶ ብርድ ሸሽተው የመጡ ሽመላዎች ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያገኟቸዋል። በቀጭን እግር አሸዋው ላይ ሽር የሚሉ ትንንሾች አሉ፤ ስማቸውን ኛቦልም አታውቀውም፣ ለመጠየቅም አልፈለገች። ከደሴቱ ፊት ለፊት የተናደው ዳርቻ በጉድጓድ የተበሳሳ ነው፤ በየጉድጓዱ ደም የመሰሉ ቀይ ወፎች ይገባሉ ይወጣሉ። የታችኛውን ጫፍ አዞ ፀሐይ ስለሚሞቅበት አይጠጉትም። ኛቦል ትጠቁማለች፣ ዊሊያም ያያል። ያን ሁሉ ጊዜ አፍ አውጥታ አትናገርም፤ ለእሷ ይህ ከጾም ይከብዳል። ቤተሰብ ጥየቃ ትለዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ዊሊያም የተሾመ ጊዜ ነው። ቱሪዝምን ከሚመለከት አንድ ቢሮ ምክትል ኃላፊ ሆነ። ምክትል ኃላፊ ሲሆን አማርኛው ተቀየረ። ድሮ ውሃ ጠማኝ ይል የነበረው ሰው ከውሃ አቅርቦት አኳያ ክፍተት አለብኝ ማለት ጀመረ። ኛቦል መጀመሪያ የታመመ መስሏት ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሲያልቅበት ስለ ደሴቱና ስለ ወፎቹ አወራ። የቢሮው ኃላፊ አቶ አሸብር ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። በዚያው የወፎች ቀን በደሴቱ ላይ እንዲከበር ተወሰነ።

አቶ አሸብር ደገኛ ነው፤ ጋምቤላ ከመጣ ፀጉሩ እስኪሸብት ቆይቷል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ለበዓል ሠራተኛውን ሁሉ ቤቱ ይጠራል፣ በእጁ ያጎርሳል፣ እምቢ ያለውንም በሞቴ እያለ ያጎርሳል። የዊሊያም ጨጓራ የተወለደው እዚያ ቤት ነው። በየፋሲካው፣ በየገናው፣ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ዊሊያም እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ፊቱን ያጨማድዳል። አቶ አሸብር ከልቡ እያዘነ ተልባ ያስበጠብጥለታል። ዊሊያም በሰላም አገር የጠጣው ተልባ ለአንድ መንደር ይበቃ ነበር።

አሁን አቶ አሸብር ወደ ደጋ ሊዛወር ነው፤ በቦታው ዊሊያም እንዲተካ ሐሳብ እንደሚያቀርብ ለሁሉም ተናግሯል። ዊሊያም ይህን ከሰማ ወዲህ አረማመዱ ሳይቀር ኃላፊ ኃላፊ ይሸታል።

የመንትያነቱን ምሥጢር ያወጣችው ግን ራሷ ኛቦል ናት። ጎረቤቷ አልማዜ ምግብ አብሳይ ናት፤ የከተማው ሠርግና ስብሰባ የሚበላው ከእሷ ድስት ነው። የወፎች ቀን ምሳ ለአልማዜ በተሰጠ ጊዜ ኛቦል ቅናት ቢጤ ያዛት። እናንተ ወፍ ታከብራላችሁ፣ እኛ ግን ራሳችን የወፍ ዘመዶች ነን ብላ ጉራዋን ነዛች። ስለ አለመብላቱ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ጉራ ሲነዛ ጣጣው አይነገርም። አልማዜ ለአቶ አሸብር ነገረችው። አቶ አሸብር ልቡ ተነካ። ምክትሉ የወፍ ወገን ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ ሳያከብረው መቅረቱ አንገበገበው። በዕለቱ መንትዮቹን ሕዝብ ፊት አቁሞ ምክትሉን በገዛ እጁ ሊያጎርሰው ወሰነ። ጨጓራውን ቢያመውም ለአንድ ቀን ቅቤው ቀለል ይደረግ ብሎ ለአልማዜ አስጠነቀቀ።

ዊሊያም ይህን የሰማ ዕለት አመሻሹ ላይ ኛቦል ሱቅ መጣ። ለበዓሉ የሚለብሰውን ኮት እያጠበበች ነበር። ኮቱን አለበሰችው፤ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ወሬውን በሙሉ ሰማች። ከዚያ መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ እውነቱን ንገረው አለችው። አቶ አሸብር ደግ ሰው ነው፣ ያዝን ይሆናል እንጂ አይቆጣም።

ዊሊያም ይህን ሁሉ ዓመት ጨጓራ ነው ብዬ አሁን ወፍ ነኝ ልበለው ወይ አለ። ከላይ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ ለኃላፊነት የታጨ ሰው ዶሮ ፈርቶ ሲያዩት ምን ይላሉ? ለሱ ያለው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ ይይዘዋል፣ አይውጠውም፣ ሰው ሲበታተን ወደ ውሃው ዳር ሄዶ ይተፋዋል። ኛቦል ይህን ስትሰማ ኩርማን ዳቦ አምጥታ ጉንጩ ውስጥ ወተፈችበትና በል ንግግር አድርግ አለችው። ክቡራንና ክቡራት ብሎ ጀመረ። ቃሉ እንደተለመደው ወጣ፤ እንዲያውም ዳቦው ሳይኖር ከሚናገረው ይሻል ነበር። ሁለቱም ሳቁ። ኛቦል ከሹመቱ ወዲህ አብረው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ትዝ ሲላት ሳቋ ቆመ።

«ዊሊያም» አለችው በቋንቋቸው፣ «ያንን ነገር ከዋጥከው እኔ መንትያ የለኝም።»

እሱም አልውጠውም ብሎ ማለላት። አለመሄድ ይቻላት ነበር፤ ግን ልታየው ፈለገች። ሌላው ሰው ወፍ ሊያይ ይሄዳል፣ እሷ የወንድሟን ጉሮሮ ልታይ ሄደች።

የወፎች ቀን ማለዳ ኪየርና ጓደኞቹ ሲመላለሱ አረፈዱ። በመጀመሪያው ታንኳ የፕላስቲክ ወንበር ተሻገረ። ቀጥሎ ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ ከሰው የሚረዝም የድምፅ ማጉያ ተሻገረ። የአልማዜ ትልቁ ድስት ለብቻው ታንኳ ተሰጠው፤ ምክትል ኃላፊው እንኳ ከሦስት ሰው ጋር ተጨናንቆ ነው የሄደው። ባነሩም ደረሰ። ላዩ ላይ ያለው ወፍ ከኢንተርኔት የወረደ የሩቅ አገር ወፍ ነው፤ አካሉ በሙሉ አፍንጫ ይመስላል፣ ጋምቤላን በሕልሙም አይቷት አያውቅም። ከሥሩ ወፎቻችን ሀብታችን ይላል። እንግዶቹ ተሰልፈው ከእሱ ጋር ፎቶ ተነሱ።

ወፎቹ እስከዚያ ድረስ ነበሩ። ሽመላዎቹ ድንኳኑን ታገሡት፣ ወንበሩንም ታገሡት። የመድረክ መሪው ጥዑመልሳን የሚባል የቢሮው የሕዝብ ግንኙነት ነው፤ ማይክራፎን ከያዘ ስሙን ሊያስመሰክር የሚነሳ ሰው ነው። አንድ ብሎ ማይኩን ሲሞክር ሽመላዎቹ ብድግ አሉ። ሁለት ሲል በአሸዋው ላይ ሽር ይሉ የነበሩት ትንንሾች ተከተሉ። ዘፈን ሲከፈት ቀዮቹ ወፎች ከዳርቻው ጉድጓዶች በአንድ ጊዜ ፈልሰው ወጥተው፣ ሰማዩን ለጥቂት ጊዜ አቅልተውት ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ነጎዱ። አንድ ጉማሬ ጆሮውን ብቅ አድርጎ ሰማና ሰጠመ። አዞው እንኳ የፀሐይ ቦታውን ለመንግሥት ለቀቀ። ጥዑመልሳን እጁን ወደ ባዶው ሰማይ ዘርግቶ፣ ክቡራን እንግዶቻችን እንደሚመለከቱት አካባቢያችን በወፍ ሀብት የታደለ ነው አለ። እንግዶቹም ተመለከቱ።

የቀረው አባ ኮዳ የሚባለው አንድ ትልቅ ወፍ ብቻ ነበር። መላጣ ራሱን አቀርቅሮ፣ ኮዳውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከአልማዜ ድስት ሳይርቅ ሳይቀርብ ቆሞ ነበር። ንግግር በሚደረግበትና ምሳ በሚከተልበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ አይጠፋም። ኛቦል ሁኔታውን አይታ የአዲስ አበባ እንግዳ መስሎኝ ነበር አለች ለአልማዜ። አልማዜ ከሳቋ ጋር ጭልፋዋን ጣለች።

ንግግሩ ረዘመ። ወፍን መግደል ነውር መሆኑ፣ ጎጇቸውን ማፍረስ ወንጀል መሆኑ፣ ላባ ያለው ፍጥረት ሁሉ አደራችን መሆኑ በየተራ ተነገረ። ጭብጨባው ሳያባራ የድስቶቹ ክዳን ተነሳ። ለወፎቹ ክብር የታረዱት ዶሮዎች ቀይ ወጥ ሆነው ቀረቡ፤ ሽታው ደሴቱን ሞላው። የዚህን ነገር አስቂኝነት ያየ ሰው አልነበረም። ኛቦል ዙሪያዋን አየች፣ ሁሉም እጁን እየታጠበ ነው።

ከዚያ አቶ አሸብር ተነስቶ መንትዮቹን ጠራ።  በዚህ አገር ብዙ ዘመን ኖሬ ከወፍ ጋር ወንድማማች የሆነ ሰው አብሮኝ እንደሚሠራ ሳላውቅ ልሄድ ነበር አለ። እንባው መጣ። ኛቦል የምትፌዝበት ነገር ፈልጋ አጣች፤ ሰውየው ከልቡ ነበር። ከመላላጫው ሥጋ ገንጠል አድርጎ በእንጀራ ጠቀለለና ወደ ዊሊያም አፍ አቀረበ። ዊሊያም ከፍቶ ተቀበለ። ኛቦል ዓይኗን ጉሮሮው ላይ ተከለች። ሥጋው ወደ ግራ ጉንጩ ሄደ፣ እዚያም ቆመ፤ ጉሮሮው ፀጥ ብሏል። ዊሊያም እንደተለማመደው ያኘከ መስሎ አገጩን አንቀሳቀሰ፣ ፈገግም አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኛቦል እስትንፋሷን ለቀቀች።

የአቶ አሸብር እጅ ግን ወደ ትሪው ተመልሶ ነበር።

በዚህ አገር በአንድ ጉርሻ ያቆመ አጉራሽ የለም። ዊሊያም በደገኛ መሃል የተማረ፣ የተቀጠረ፣ የተሾመ ሰው ነው። ኛቦል የስንቱን ደገኛ የሠርግ ልብስ ሰፍታ፣ የስንቱን ድግስ ተቀምጣ አይታለች። ያን ዕለት ማታ ዳቦ ወትፈው ሲስቁ ግን ሁለተኛው ጉርሻ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ጨጓራዬን እያለ የኖረ ሰው ስለ ሁለተኛው ጉርሻ አይማርም፤ አንደኛውም ደርሶት አያውቅምና።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ገዝፎ መጣ፤ እንቁላልም ተጨምሮበታል። ወጡ በአቶ አሸብር ክንድ ላይ ወደ ክርኑ እየወረደ ነበር። በሞቴ አለ። የዊሊያም አፍ ሙሉ ነው፣ አልችልም ብሎ እንኳ መናገር አይችልም። ጥዑመልሳን አንድ እጁ ማይክ፣ አንድ እጁ ስልክ ይዞ ነበር፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ቁልፉን ሳይጫን ቀርቶ ስላመለጠው ይሄኛውን ልቅረጽ ብሎ ተጠጋ። እንግዶቹ ይጠብቃሉ። ዊሊያም እህቱን አያት። ልጅ ሆኖ የአክስታቸውን እንስራ የሰበረ ጊዜ ያያት የነበረው አስተያየት ነው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉሮሮው ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። የመጀመሪያውን ውጦ ቦታ ሊያስለቅቅ ነው።

ኛቦል መሃላቸው ገባች።

«አቶ አሸብር፣ ይሄኛው የኔ ነው» አለች። «መንትያ በኛ ዘንድ አንድ ሰው ነው። እሱ ጎርሷል፣ ሁለተኛውን እኔ ልጉረስለት።»

አፏን ከፈተች። አቶ አሸብር ደስታው ወሰን አጥቶ ጉርሻውን በሙሉ አስገባላት፤ እንባውን እየጠረገ ፊት ለፊቷ ቆሞ አያት። ኛቦል ጉንጭ ውስጥ መያዝ አልተለማመደችም፣ በሚያያት ሰው ፊት መትፋትም አልቻለችም። አኘከች፣ ዋጠችም። ዶሮውን ከነእንቁላሉ፣ ዘመዱን ከነልጁ።

ሰማይ አልተደፋም። ሆዷ አላመፀም። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አሳዘናት፤ ማልቀስ አማራት። ደግሞ ይጣፍጥ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሰዉ ለእሷ ሲያጨበጭብ ዊሊያም ወደ ውሃው ዳር ገለል አለ። ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ወደ አፉ አስጠጋ፣ ጉርሻውን ተፋና ወደ ባሮ ወረወረው። ውሃ አልደረሰም። አባ ኮዳው ሲጠብቅ የዋለው ይህን ነበርና ከአየር ላይ ቀለበው። አንዴ ራሱን ቀና አድርጎ ዋጠ፤ እሱን ስለ ዝምድና ያስጨነቀው የለም።

ጥዑመልሳን ስልኩን ከኛቦል ላይ ሳያጠፋ ወደዚያ አዞረ። በማጉያውም፣ ክቡር ምክትል ኃላፊያችን ከአፋቸው ነጥለው ለወፍ አጎረሱ፤ የአባቶቻቸውን ባህል በተግባር አሳዩን ብሎ ለሰማይ ለምድር አሰማ። ደሴቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ማንም አይቶ አያውቅም። ዊሊያም ዞር ሲል ያን ሁሉ እጅ እያጨበጨበ አገኘው። ጥቂት ግራ ገባው፣ ከዚያ አፉን ጠርጎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ።

ሲመለሱ ኪየር መንትዮቹን ብቻ ጭኖ ቀዘፈ። ከኋላቸው ደሴቱ ላይ የቀረው የፕላስቲክ ጠርሙስና አጥንት ነበር። ዊሊያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋጥሽው ወይ አላት። ዋጥኩት አለችው።  እሱ፣ «እኔማ አልዋጥኩም» አለ፤ ቃሉ ውስጥ እፎይታ ነበረበት። መትፋት ትችይ ነበር እኮ፣ ትንሽ ብትታገሺ ብሎ ጨመረ። ኮቱን ሰብሰብ አድርጎም ታንኳው እስከፈቀደለት ድረስ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ያንን ኮት ያጠበበችው እሷ ናት።

በሳምንቱ አደባባዩ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቀለ፤ ዊሊያም በአንድ በኩል፣ አባ ኮዳው በሌላ በኩል። የባጃጅ ሾፌሮች ከሁለቱ ኃላፊው የቱ ነው እያሉ ይሳሳቁበታል። ሐሳቡ ቀርቦ ጸደቀ፣ ዊሊያም ወንበሩ ላይ ወጣ። ለወፍ ማጉረስ ለሚመጣው ዓመት በዓል ዋና ዝግጅት ሆኖ ተያዘ። የጥዑመልሳን ቪዲዮ ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ ኢታንግ ገባ። እዚያ የሚታየው ኛቦል አፏን ከፍታ ስትውጥና ዊሊያም ለወፍ ሲሰጥ ነው። የእሱ ጉርሻ አልተቀረጸምና የለም።

ኛፑዎክ ሁለቱንም አስጠራቻቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኢታንግ ደረሱ፤ አክስታቸው የቤተ ክርስቲያን ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ጠበቀቻቸው። ዊሊያም ከባህል እሴት አኳያ ብሎ ሲጀምር በእጇ አስቆመችው። አንተን አይቻለሁ አለችው። ሰው ያጎረሰህን ለዘመድህ ሰጠህ፣ እናትህ ብትኖር ትኮራ ነበር ብላ ግንባሩን በእጇ ነካችው። ከዚያ ወደ ኛቦል ዞረች።

«አንቺስ ለምን በላሽ?» አለቻት።

ኛቦል ወደ ዊሊያም ዞረች። የምትጠብቀው ወንድሟን ነበር። ለአቶ አሸብር ያን ያህል የተከፈተው አፍ አሁን ለአንድ ቃል ይከፈታል ብላ ጠበቀች። ዊሊያም ጫማውን ያይ ነበር፤ አዲስ ጫማ ነው። እውነቱን መናገር ይቻላታል። ከተናገረች ግን የጉንጩ ብልሃት ይወጣል። ያ ግንባሩ ላይ ያለው እጅ ይነሳል። ወሬው እሱን ተከትሎ ጋምቤላ ይመለሳል፤ የአደባባዩ ፎቶም መሳቂያ ይሆናል። ስንቱን ባለሥልጣን በአንድ ቃል አራቁታ የምትሰድ ሴት፣ የሚያስፈልጋት አንድ ቃል ምላሷ ላይ ነበር።

«ርቦኝ ነበር» አለች።

 ኛፑዎክ ከእንግዲህ ደሴቱን እንዳትረግጪ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ወፎቹ ፊትሽን እንዳያዩት አለች። ወንድምሽ ለብቻው ይጠይቃቸዋል። ኛቦል እሺ አለች። ቀዮቹን ወፎች፣ ቀዝቃዛውን አሸዋ፣ ያንን የዓመት አንድ ቀን ዝምታ አሰበች። ያን ሁሉ ለዚህ ሰው እንደሰጠችው ገባት፤ ተናደደችም፣ አልተጸጸተችምም።

ምሳ ቀረበ። የባሮ ዓሣ ነበር፣ የሁለቱም የልጅነት ምግብ። ኛቦል እጇን ታጥባ በላች። ዊሊያም አንድ ጊዜ ቆረሰና ወደ አፉ ሳያደርሰው መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። አክስታቸው ምን ሆንክ ስትለው፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ጨጓራዬን አመመኝ አለ። ያን ቀን እውነቱን ነበር።